ሚኒሞና ማርሽ
በትንሽ ወጪ ስለሚቃና የባጃጅ ብልሽት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ይህ ንግግር የሚያተኩረው በካቻቪቴ ጫፍ በምትዞር አንዲት ትንሽ ብሎን ላይ ነው። ርእሱ ለመሐንዲሶች ስብሰባ እጅግ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህች ብሎን ያለአግባብ በመዞሯ ምክንያት ደኅና ካምቢዮ በከንቱ ሲፈታ፣ የአንድ ቤተሰብም የሳምንት ገቢ ሲቋረጥ ያየ ሰው ርእሱን አይንቀውም።

እንደሚታወቀው ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለውን ደጋ ትቶ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የጥርጊያ መንገዶች ሽንኩርቱንና ማሾውን ወደ ገበያ፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት፣ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ከሚያደርሱት ተሽከርካሪዎች አንዱ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ብዙው የባጃጅ አሽከርካሪ የሚተዳደረው በዕለት ገቢ ነው፤ ተሽከርካሪው የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ደግሞ ቢሠራም ባይሠራም ለባለንብረቱ የሚያስረክበው ገንዘብ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጋራዥ ውሎ የሚያድር ባጃጅ ለእርሱ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው።

ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ብርድ ሚኒሞው የተስተካከለ አንድ ባለካርቡራቶር ባጃጅ ተሸጦ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ እንበል። ወር ሳይሞላው ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንተፋተፍ፣ ተሳፋሪ ለማውረድ በቆመ ቁጥርም ይጠፋ ጀመር። አሽከርካሪው የሚኒሞውን ብሎን ጠበቅ አደረገና ሞተሩ መጥፋቱን ተወ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሌላ ችግር መጣ። አንደኛ ማርሽ ሲገባ በኃይል ያንኳኳል፤ የኋላ ማርሽ ይንገራገጫል፤ ቆሞ ዜሮ ማርሽ መፈለግም ትግል ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ካምቢዮው ሄዷል» ይባላል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ካምቢዮው ይፈታል፣ ዕቃ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። ሁሉም ተገጥሞ ሲያበቃ ብሎኗ በነበረችበት ስለምትገኝ ማርሹ እንደገና ይንገራገጫል።

እዚህ ላይ ስሙን ራሱን መመርመር ይጠቅማል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሚኒሞም እንዲሁ ነው፤ ትርጉሙም «ዝቅተኛው» ማለት ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ ሊሠራ የሚችልበት ዝቅተኛው የዙር ፍጥነት መሆኑን ስሙ ይናገራል። የሌላ ብልሽት መሸፈኛ እንዲሆን ከፍ የተደረገ ሚኒሞ ግን ስሙንም ሥራውንም ያጣል።

የሁለቱ ብልሽቶች ዝምድና እንዲህ ነው። የባለአራት ምቱ ባጃጅ ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ የሚሠራና ተደራራቢ ሳህኖች ያሉት ነው። እጀታው ተጨምቆ ሳህኖቹ ሲላቀቁ እንኳ በመካከላቸው ያለው ዘይት በመጠኑ ይጎትታቸዋል። ሚኒሞው ልከኛ ሲሆን ይህ ጉተታ አነስተኛ ነው፤ ሚኒሞው ከፍ ሲል ግን የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ በፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። ከዚያም በሚዞረውና በቆመው ጥርስ መካከል ግጭት ይፈጠራል። የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመጠን በላይ ላልቶ ከሆነ ወይም ከተመከረው የወፈረ ዘይት ተጨምሮ ከሆነ ጉተታው ይብሳል።

ሞተሩ መጀመሪያ ለምን ይጠፋ ጀመር የሚለው ጥያቄም መልስ ያስፈልገዋል። በ2,800 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ1,300 ሜትር ላይ ግን 85 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በመሆኑም ወደ ቆላ የወረደ ሞተር ብዙ አየር ይስባል፤ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ ስለማይጨምር ድብልቁ ይሳሳል። ከዚህም ሌላ የጥርጊያ መንገድ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል። በሙቀት የተነነ ቤንዚን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ትቶ የሚኒሞውን ጠባብ ቀዳዳ ያጠብባል፤ በጄሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲገለባበጥ የቆየ ቤንዚንም ውኃና ቆሻሻ ይዞ ይገባል። በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ያለው ላስቲክም በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ያልተፈለገ አየር ያስገባል።

የመፍትሔው ቁም ነገር በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ካቻቪቴ፣ ጥቂት የብሎን መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሳሙና ውኃና ትንሽ ቀጭን ዘይት ብቻ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ቆሞና ጎማው በድንጋይ ተደግፎ መከናወን አለበት።

አንደኛ፣ ካምቢዮው ይፈተናል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ድጋፉም ለጊዜው ተነሥቶ፣ ፍሪሲዮኑ እንደተጨመቀ ባጃጁ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተነቀነቀ ማርሾቹ በየተራ ይሞከራሉ። ሁሉም ያለ ችግር ከገቡ ካምቢዮውን ለመፍታት ገና ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ ይታያል። እጀታው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚኖረው ነፃ እንቅስቃሴ ለዚህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከበለጠ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይላቀቅም፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ሳህኖቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። መቆለፊያው ዳዶ ላላ ተደርጎ ልኩ ይስተካከላል፤ ገመዱም ቀጭን ዘይት ይንጠባጠብበታል። ክሮቹ መበጠስ የጀመሩ ገመድ ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት። የማርሹ ገመዶችም በመያዣው ላይ ያለው ምልክት ከገባው ማርሽ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ይስተካከላሉ።

ሦስተኛ፣ የአየር መንገዱ ይመረመራል። ማጣሪያው ይጸዳል ወይም ይለወጣል። ከዚያም ሞተሩ እየሠራ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ባለው ላስቲክ ዙሪያ የሳሙና ውኃ በጨርቅ ይቀባል። በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር የሚሾልክበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ማሰሪያው ይጠብቃል፤ የተሰነጠቀው ላስቲክ ይለወጣል። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጠምጥሞ ወደ ቤት መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን ቤንዚን ስለሚበላው ከመንገድ ማድረሻነት አያልፍም።

አራተኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የካርቡራቶሩ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ጽዋ ይጸዳል። ጠባቡ የሚኒሞ ቀዳዳ በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ይነፋል እንጂ በብረት ሽቦ አይጎረጎርም፤ ሽቦ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው በትንሽ ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ካርቡራቶር በመግዛት ይፈጸማል።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ብሎኖቹን ማስተካከል ነው። በቅድሚያ የድብልቁ ብሎን ሳይኮረኮም ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው እየገባ ዙሩ ይቆጠርና ይጻፋል፤ ከዚያም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ብሎኑ በሩብ ዙር እየተዞረ ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖና ተረጋግቶ የሚሠራበት ቦታ በጆሮ ይፈለጋል። ብሎኑ በአንዳንዱ ካርቡራቶር አየርን፣ በሌላው ድብልቁን ስለሚቆጣጠር አቅጣጫውን በቃል ከመያዝ ማዳመጡ ይሻላል። ይህ ካበቃ በኋላ ነው የሚኒሞው ብሎን አምራቹ ወደ ወሰነው ፍጥነት ዝቅ የሚለው። ብሎኗ የሥራው መደምደሚያ መሆን ሲገባት መጀመሪያ ስለተደረገች ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው።

በእርግጥ ይህ ዘዴ ሁሉን አይፈውስም። ማርሽ በጉዞ ላይ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ፣ በዘይቱ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ከታየ፣ ወይም ገመዱ ተስተካክሎም ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ መፍታት ግድ ነው። ካርቡራቶር ለሌላቸው፣ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ መርጫ ለሚሰጣቸው ሞተሮችም የድብልቁ ማስተካከያ አያገለግልም። ይሁንና ከመፍታት በፊት መመርመር ለሁሉም ይሠራል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ዳገት ላይ የሚጠፋ ሞተር፣ ቁልቁለት ላይም አልገባ የሚል ማርሽ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ በከባድ ማርሽ መውረድ ፍሬንን እንዴት እንደሚታደግ ያውቃል፤ ለትልቁ መኪና እውነት የሆነው ለትንሹም እውነት ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። እነዚህን አምስት ደረጃዎች ሾፌሩና መካኒኩ በሚናገሩበት ቋንቋ፣ ማለትም በሚኒሞውና በፍሪሲዮኑ ስም፣ ከሥዕል ጋር በአንድ ገጽ አትሞ ማሠራጨት ነው። አባላትም ለሥራ ወደ ቆላው በወረዱ ጊዜ ግማሽ ቀን ወስደው በአንድ ባጃጅ ላይ ቢያሳዩት፣ ያየው አሽከርካሪ ለባልንጀራው ያስተምራል። ያ አሽከርካሪ በማግስቱ ሞተሩ ሲንተፋተፍ ካቻቪቴውን ከማንሣቱ በፊት የአየር ማጣሪያውን ከከፈተ፣ የማኅበሩ ድካም በሚገባ ተከፍሏል።