ስለ ጭምትና ለሰው አሳቢ ጠባይ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ወደዚህ መድረክ የሚወጣው ሰው ብዙውን ጊዜ መናገር የሚሆንለት ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ መድረክ የተሠራው ለተናጋሪ ነውና። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው እዚህ ወጥቶ ስለማያውቀው፤ ምናልባትም ከቶ ስለማይወጣው ተማሪ ነው። በየመኝታ ክፍሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይታጣም። ጓደኛው ሲታመም ምግቡን ይዞለት ይመጣል፤ ከትምህርት ለቀረ ሰው ማስታወሻውን አጥርቶ ይገለብጥለታል፤ የማን እናት እንደ ታመመች፤ የማን ገንዘብ ከቤት እንደ ዘገየ ሳይነገረው ያውቃል። በስብሰባ ላይ ግን ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዳንዱ «ሐሳብ የለውም» ይላል፤ አንዳንዱ «ኩራተኛ ነው» ይላል፤ የቀረነው ደግሞ ምንም ሳንል እንገለገልበታለን። ሁለቱ ፍርዶች ስሕተት፤ ሦስተኛው ግን በደል መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የጠባይ ጥናት ስለዚህ ሰው ምን እንደሚል እንመልከት። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጠባይ ዓይነቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ሰዎችን የልቡናቸው ኃይል በሚያዘነብልበት አቅጣጫ ለያቸው። ኃይሉ ወደ ውጭ፤ ማለት ወደ ሰዎችና ወደ ነገሮች የሚፈሰውን «ኤክስትራቨርት»፤ ወደ ውስጥ፤ ወደ ገዛ ሐሳቡ የሚመለሰውን «ኢንትሮቨርት» አለው። እኛ የመጀመሪያውን ተግባቢ፤ ሁለተኛውን ጭምት ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ሁለቱም ዝንባሌዎች በያንዳንዱ ሰው ውስጥ እንዳሉ፤ ልዩነቱም የትኛው ያመዝናል የሚለው ብቻ እንደ ሆነ ዩንግ ራሱ አስተምሯል።

የዚህን መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1923 ካነበቡት ሰዎች አንዷ ካትሪን ብሪግስ የተባሉ አሜሪካዊት ነበሩ። ልጃቸው ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ ፋብሪካ ሥራ የሚገቡ ብዙ ሴቶች ለጠባያቸው የሚስማማ ሥራ እንዲያገኙ ለመርዳት ብለው ከእናታቸው ጋር የጥያቄ ወረቀት ያዘጋጁ ጀመር። ሁለቱም በሥነ ልቡና ትምህርት የሠለጠኑ አልነበሩም። ወረቀቱ በ1962 ታትሞ ለምርምር ወጣ፤ ዛሬ ማየርስ ብሪግስ ተብሎ በዓለም የታወቀውም እርሱ ነው። መልስ ሰጪውን በአራት ጥንድ ምርጫዎች እየለየ ከ16 ዓይነት በአንዱ ይመድበዋል።

የእኛ ሰው በዚህ አመዳደብ «አይ ኤስ ኤፍ ጄ» ይባላል። የፊደሎቹ ፍች ይህ ነው። አንደኛ፤ ከብዙ ሰው ጋር ሲውል ይደክማል፤ ብቻውን ሲሆን ኃይሉ ይታደሳል። ሁለተኛ፤ በዐይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን ነገር ከረቂቅ ሐሳብ ይልቅ ያምናል፤ ስለዚህም ጥቃቅኑን ነገር አይረሳም። ሦስተኛ፤ ሲወስን «ይህ ማንን ይጎዳል? ማንን ይጠቅማል?» ብሎ ያስባል። አራተኛ፤ ሥራን በጊዜውና በሥርዓቱ መጨረስ ይወዳል። አራቱ ሲደመሩ ለቅሶ ቤት የምናየው ሰው ይወጣል። እኅል ውኃ የሌለው ማጽናኛ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ውኃ የሚቀዳው፤ ድንኳን የሚተክለው፤ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ቀርቶ ሲኒ የሚያጥበው፤ ሌላው የረሳውን የ40ኛውን ቀን የሚያስታውሰው ግን እርሱ ነው።

ይህን ስል ግን ፊደሎቹን እንደ መታወቂያ ወረቀት በደረታችን ላይ እንድንለጥፍ አልመክርም። የጠባይ ተመራማሪዎች በዚህ ፈተና ላይ ብርቱ ትችት አቅርበዋል። ዋናው ይህ ነው፤ ሰዎች በጭምትነት ሲለኩ አብዛኞቹ የሚገኙት በመካከል ነው፤ ፈተናው ግን በመካከል መስመር አሥምሮ ሁለት ወገን ያደርጋቸዋል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ በአንድ ጋት የሚራራቁ ሁለት ሰዎች እንደ ሰማይና ምድር የተለያዩ መስለው ይታያሉ። በጥቂት ሳምንት ልዩነት ደግመው ከተፈተኑት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ፊደል የሚለወጥባቸውም ስለዚህ ነው። ፈተናውን የሚያስፋፋው ድርጅት ራሱ ሠራተኛ ለመቅጠርና ላለመቅጠር መለያ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል።

ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ ይበልጥ የሚታመነው ጠባይን በአምስት ሚዛን የሚለካው ዘዴ ነው፤ እነዚህም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፤ ጠንቃቃነት፤ ተግባቢነት፤ ለሰው አዛኝነትና የስሜት አለመረጋጋት ናቸው። ማክሬና ኮስታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1989 ባወጡት ጽሑፍ የማየርስ ብሪግስ አራት ጥንዶች ከአምስቱ በአራቱ ላይ እንደሚያርፉ አሳይተዋል። ከዚህ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ይኸውም ተግባቢነት አንድ ሚዛን፤ አዛኝነት ደግሞ ሌላ ሚዛን መሆኑ ነው። ዝም ያለ ሁሉ ደግ አይደለም፤ የሚያወራ ሁሉ ልበ ደንዳና አይደለም። ጭምትና ጨካኝ አለ፤ ለፍላፊና ሩኅሩኅም አለ። ሰውን ከድምፁ ተነሥተን ልቡን ለመገመት ስንሞክር ሁለቱን ሚዛን እናደባልቃለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ እኛ ዘንድ ዝምታ ብዙ አባት አለውና። ከብቸኝነት ኃይል የሚያገኝ ሰው ዝምታ አለ፤ ይህ ጭምትነት ነው። መናገር እየፈለገ ፍርሃት የሚይዘው ሰው ዝምታ አለ፤ ይህ ዐይን አፋርነት ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚታፈን ዝምታ አለ፤ ይህ ይሉኝታ ነው። በታላቅ ፊት አለመናገር ጨዋነት ነው ተብሎ የተማሩት ዝምታም አለ። አራቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ዐይን አፋሩ ማደፋፈሪያ ይፈልጋል፤ ጭምቱ ግን ጊዜ እንጂ ማደፋፈሪያ አይሻም። በተለይ በእኅቶቻችን ላይ ይህ መደባለቅ ይከፋል። ዝም ያለች ልጅ «ጨዋ ናት» እየተባለች ስለምታድግ ዝምታዋ ከተፈጥሮዋ ይሁን ከአስተዳደግዋ እርስዋም ለመለየት ትቸገራለች። በቡድን ሥራ ጊዜ ጽሕፈቱ ለእርስዋ፤ ንግግሩ ለወንዱ የሚሰጠው ጠባይዋ ተጠንቶ ሳይሆን ልማድ ስለ ሆነ ነው።

ከተፈጥሮ የሚመጣም እንዳለ ግን አይካድም። ጀሮም ኬገን የተባሉት የሐርቫርድ ሊቅ የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅ እያሰሙና አዲስ ነገር እያሳዩ ሲመረምሩ ከአምስቱ አንዱ ያህል እጅና እግሩን እያወራጨ አጥብቆ እንደሚነካ አዩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲያድጉ ጥንቁቅና ቁጥብ ልጆች ሆኑ፤ ሁሉም ግን አልሆኑም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በጠባይ ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ ያመለክታሉ። እንግዲህ ጭምትነት በሽታ አይደለም፤ ግን ደግሞ የታተመ ዕድል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እደርሳለሁ። የዚህ ሰው ትልቁ ችግር ዝምታው ሳይሆን «እምቢ» ማለት አለመቻሉ ነው። ለሌላው የሚያስብ ልብና ጠብ የሚሸሽ ጠባይ ሲገናኙ ሸክም ሁሉ ወደ እርሱ ይንከባለላል። የአምስት ሰው የቡድን ሥራ የእርሱ የሌሊት ሥራ ይሆናል። ደከመኝ አይልም፤ ሰው የሚያውቅለት ይመስለዋል፤ እርሱ የሌላውን ሳይነገረው ያውቃልና። ሌላው ግን አያውቅም። ቅሬታው በሆዱ ይጠራቀምና አንድ ቀን በትንሽ ነገር ይፈነዳል፤ ወይም ያለ አንድ ቃል ከወዳጆቹ ይርቃል። እኛም «ምን ነካው?» እንላለን። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል፤ እነዚያው አባቶች ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውን መርሳት አይገባም።

ጭምት ሰው እምቢ ሲል ምን ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ምስክር አለው። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎሞሪ ከተማ ልብስ ሰፊ የነበሩት ሮዛ ፓርክስ ድምፃቸው ዝግ ያለ፤ ጠባያቸው የረጋ ሴት ነበሩ። በየትኛው ፊደል እንደሚመደቡ አልናገርም፤ አልተፈተኑምና። ከ1943 ጀምሮ ለጥቁሮች መብት በሚታገለው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው መዝገብ ይይዙ፤ የተበደሉ ሰዎችን ቃል ይጽፉ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በአውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበር ልቀቂ ሲባሉ እምቢ አሉና ታሰሩ። የከተማው ጥቁሮች ለ381 ቀን በአውቶቡስ ሳይሳፈሩ ቀሩ፤ በመጨረሻም በአውቶቡስ የዘር መለያየት በፍርድ ቤት ተሻረ። ያን ቀን የደከማቸው እግራቸው እንዳልነበረ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። እንግዲህ ዝግ ያለ ድምፅ ደካማ ድምፅ አይደለም፤ ዓመታት ሙሉ ያዳመጠ ሰው አንድ ቃል ሲናገር ቃሉ ክብደት አለው።

ከዚህ በመነሣት ለአራት ወገኖች አሳቤን ላቅርብ።

ለመምህሮቻችን፦ በክፍል ውስጥ ለመናገር የሚሰጠው ነጥብ ፈጥኖ ለሚያስብ ሳይሆን ፈጥኖ እጁን ለሚያወጣ እንዳይሆን እንለምናለን። ጥያቄው አስቀድሞ በዋዜማው ቢሰጠን፤ ወይም መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንነጋገር ቢደረግ ሌላ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ አዲስ ድምፅ ይሰማል።

ለተግባቢዎቹ ጓደኞቼ፦ «አንተ እኮ ደግ ነህ» የሚለው ቃል ምስጋና ሳይሆን ማስገበሪያ እየሆነ ነው። የቡድን ሥራ ሲጀመር ማን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ይጻፍ። ሰውየውንም «አንተስ እንዴት ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከጠየቃችሁም በኋላ መልሱን ለመስማት ታገሡ፤ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ነውና።

ለጭምቶቹ ወንድሞቼና እኅቶቼ፦ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ዋጋ ያጣል። በአንድ ጊዜ እምቢ ማለት ቢከብዳችሁ «እስከ ነገ ላስብበት» በሉ፤ ይህ ሐሰትም ስድብም አይደለም። ግን ደግሞ ጭምትነትን መሸሸጊያ አታድርጉት። እውነት ሲረገጥ እያዩ «የኔ ጠባይ እንዲህ ነው» ማለት ከአሳቢ ሰው አይጠበቅም።

ለማኅበራችን፦ በስብሰባ ላይ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ የቀረቡ አሳቦችን ጸሐፊው ለጉባኤው እንዲያነብ ደንብ ይውጣ ብዬ አሳስባለሁ። ዛሬ ውሳኔያችን የሚታዘዘው ድምፁ ለጎላ ነው። ስለ ሁላችን እናገራለሁ የሚል ማኅበር ከፊሎቹን ብቻ እየሰማ ከሆነ ንግግሩ እውነት አይሆንም።

ሰውን በ16 መደብ ወይም በአምስት ሚዛን መለካት ለራሱ ግብ አይደለም። ጥቅሙ አጠገባችን የሚያድረውን ሰው እንደገና እንድናየው ማድረጉ ነው። ዛሬ ማታ ወደየክፍላችን ስንገባ ማስታወሻውን የተዋስንበትን ጓደኛ መልሰን እናመስግን፤ ደብተሩንም እንመልስለት።