በመንታ መንገድ ላይ የቆመ ጎረቤት

ትንቢተ አብድዩ ቁጥር 14ን ግለጡ። ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ኤዶም ጎረቤት ነበረ፤ ጎረቤት ብቻም አይደለም፣ የዔሳው ዘር፣ የሥጋ ዘመድ ነው። እግዚአብሔር የከሰሰው ታዲያ ጦርነቱን ስለጀመረ አይደለም። መንገድ ላይ ቆሞ የሚሸሸውን ስለያዘ ነው።

ይሄ የሩቅ ታሪክ መስሎ አይታያችሁ። ከሮቢትና ከቆቦ ተነስቶ በአፋር፣ ከዚያ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ የሄደ ልጅ የሌለው ሰፈር የት አለ? በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ "የሥራ ፈቃድ የላችሁም" ብላ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን መለሰች። "ጨካኞች!" አልን። ልክ ነው።

ግን ሱዳንን አስቡ። በ2013 ዓ.ም የትግራይ ጦርነት ሲነሳ፣ ያቺ ድሃ አገር በሐምዳይትና በኡም ራኩባ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ተቀበለች። ሚያዝያ 2015 ደግሞ ተራው የእሷ ሆነ፤ ካርቱም ነደደች፣ ሕዝቧም በመተማ ወደ እኛ ገባ። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ያስጠጋናቸው ሰዎች ግን ተዘረፉ። በ2016 ዓ.ም ብዙዎቹ አውላላን ጥለው በእግራቸው ወጡ። ይሄ የሆነው በሪያድ አይደለም፤ በአማራ ክልል፣ በእኛው ምድር ነው!

"እኛም እኮ ጦርነት ላይ ነን" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ኤዶምም ባቢሎንን ሳይፈራ አልቀረም።

ዛሬ ማታ ስለ ሪያዱ ልጃችሁ ስትጸልዩ፣ በመተማ ስለገባችው ሱዳናዊት እናት በዚያው ጸሎት ጨምሩ።