የቦሌ አየርና የአይሮፕላን ማኰብኰቢያው



 ርእሴን የወሰድሁት ኹላችንም ዕለት ዕለት ከምናየው ነገር ነው። እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ወደ ደቡብ ቀና ብንል፥ አንዳንድ ቀን አይሮፕላኖች በአየር ጤና በኩል ዝቅ ብለው ወደ ቦሌ ሲወርዱ እናያለን። ሌላ ቀን ደግሞ ከቦሌ ተነሥተው ወደ እኛ ወደ ምዕራቡ ይመጣሉ። ይህ መለዋወጥ ከምን የመጣ ነው?

ነገሩ የነፋስ ነው። አይሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል ይወዳል፤ በዚህም መንደርደሪያው ያጥርለታል። የቦሌ ኹለት ማኰብኰቢያዎች፥ አንዱ 3,700፥ ሌላው 3,800 ሜትር፥ ጎን ለጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ጥቂት ዘንበል ብለው ተዘርግተዋል። በአንደኛው ጫፍ 07፥ በሌላው 25 ተብሎ የተጻፈው የኮምፓሱ 70 እና 250 ዲግሪ ነው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ቀርታለች። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ አይሮፕላኖቹ በእኛ በኩል ገብተው ያርፋሉ፤ ከምዕራብ ሲነፍስ ወደ እኛ ይነሣሉ። ነፋሱ ደካማ በሆነ ጊዜ ግን ተቈጣጣሪዎቹ የተመቻቸውን ሊመርጡ ስለሚችሉ፥ በዚህ ተማምኖ ውርርድ የሚገባ ሰው ቢኖር አልመክረውም።

የቦሌ ትልቁ ፈተና ግን ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን እናቶቻችን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁታል፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ የባቄላው ንፍሮ ቶሎ አልበስል ብሎ ማገዶ ይፈጃል። አይሮፕላኑም እንዲሁ ዕዳ አለበት። ክንፉን የሚያነሣው አየር ሳሳ፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ሳሳ። የለንደን ሂዝሮው ማኰብኰቢያዎች ርዝመታቸው ከቦሌ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ነገር ግን ሂዝሮው ከባሕር ጠለል 25 ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል፥ በሜትር እኩል የሆነው በሥራ እኩል አይደለም።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር እየሮጠ መሬት የሚነካ አይሮፕላን፥ ሞቅ ባለ ቀን ቦሌ ላይ ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይነካል። የሚደንቀው፥ በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ በኹለቱም ቦታ ያው 260ን ማሳየቱ ነው፤ መለኪያው የሚያውቀው የአየሩን ግፊት እንጂ የመሬቱን ሩጫ አይደለምና። ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጕልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል።

እንግዲህ በዚህ ላይ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ጨምሩበት። በማኰብኰቢያው ላይ ውሃ ከተኛ፥ ጎማው ውሃውን ገፍቶ አስፋልቱን መያዝ ያቅተውና እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ይህ የሚጀምርበት ፍጥነት በጎማው ውስጥ ባለው ግፊት የሚወሰን ነው፤ ለትልልቅ አይሮፕላኖች ጎማ በሰዓት 235 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህ ቍጥር በከፍታ አይለወጥም። የቦሌው አይሮፕላን ግን ፈጥኖ ስለሚያርፍ፥ ፍጥነቱ ከዚህ በታች እስኪወርድ ድረስ ብዙ ሜትር በውሃው ላይ ይሄዳል።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥርዐት ማኰብኰቢያ እንደ እኛ ማርክ ይሰጠዋል። ርዝመቱ በሦስት ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 6 ያገኛል። ደረቁ 6፥ እርጥቡ 5 ነው። የተኛው ውሃ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ግን ማርኩ በአንድ ጊዜ ወደ 2 ይወድቃል። የሽሮ ድስት እንኳ በማያረጥብ ውሃ እንዲህ ያለ ውድቀት መምጣቱ እኔን በጣም አስገርሞኛል።

ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን የክረምት ነጐድጓድ፥ በረዶና የጧቱን ጭጋግ ኹላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝምም። ከዓረብ ሀገር የምትመለስ ልጃቸውን ሊቀበሉ ቦሌ ሄደው፥ «ሰማዩ ተከፍቶ ሳለ ለምን ዘገየ?» እያሉ የሚያዝኑ ወላጆች በሰፈራችን አሉ። በኮልፌ ፀሐይ ወጥታ ሳለ በቦሌ ደመናው ሊያጓራ ይችላል። ሰማዩ ቢከፈትም ማኰብኰቢያው ላይ የተኛው ውሃ እስኪሄድ ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ አይሮፕላኑ በአየር ላይ እየዞረ ይቈያል፥ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እናት በመጠባበቂያው ስፍራ ምክንያቱን ሳትሰማ መቀመጧ ግን ደግ አይደለም፤ አንድ ሰው በአማርኛ ቢነግራት ምን ያህል ይቀላት ነበር!

ከፍታው በኪስም ይቈጠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የአየር መንገዳችን አይሮፕላን ለብዙ ዓመታት በሮም፥ ኋላም በደብሊን እያረፈ ነዳጅ ይቀዳ ነበር፤ ሲመለስ ግን በአንድ በረራ ይመጣ ነበር። ምክንያቱ ኹለት ነው። በሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ መመለሻውን ያግዛል፤ ደግሞም ከዋሽንግተን ዝቅተኛ ሜዳ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቻላል፥ ከቦሌ ግን አይቻልም። ከቦሌ ሲነሣ ወይ ነዳጅ፥ ወይ መንገደኛ፥ ወይ የአበባ ጭነት መቀነስ አለበት።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። በ1938 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ሥራ ሲጀመር አይሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚህ ከምዕራቡ ከተማ፥ ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲመጣ ልደታ ስላልበቃ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። አሁን ደግሞ በ2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ የአዲስ አይሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ተጀምሯል። ስፍራው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል፥ የአየሩ ግፊት በ5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሙቀቱ ከዚህ ትርፍ ጥቂቱን ይመልሳል፤ የቀረው ግን ለረዥም መንገድ ብዙ ነው። ሜዳው የጤፍ ማሳ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፥ የ5 በመቶው ትርፍ ሲሰላ የገበሬዎቹ ማሳም በዚያው ወረቀት ላይ በወጪ በኩል ሊጻፍ ይገባል።