ከጉና የሚወርደው አፈርና የጣና አረንጓዴ ውሃ



እኛ የእስቴና የጋይንት ልጆች የጉናን ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው። ርብና ጉማራ ከዚያው ተነስተው አፈራችንን ከነፎስፈረሱ ጠርገው ጣና ይከቱታል። (የስማዳው ወደ ዓባይ ነው፤ ስማዶች፣ በዚህስ ነጻ ናችሁ!) ይህን ፎስፈረስ ሐይቁ ውስጥ ከሚጠብቁት አንዱ ማይክሮሲስቲስ ነው። አልጌ እንለዋለን እንጂ ራሱ ባክቴሪያ ነው፤ ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። በዙሪያው ባለው ልፋጭ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተጠግተው ይኖራሉ። የሚያወጣውን ስኳር ይበላሉ፤ እንደ ስፊንጎሞናስ ያሉት ደግሞ መርዙን ራሱን ቆራርጠው ይመገቡታል። ግን ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ እናቶቻችን የሚቀዱት ዛሬ ነው።

«አፍልታችሁ ጠጡ» እንላለን አይደል? ለተቅማጡ ልክ ነው። ይህን መርዝ ግን ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ሴሉን አፈንድቶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። አረንጓዴ ከተንሳፈፈበት ዳር አትቅዱ ማለት ይሻላል። መምህራን፣ እነዚያ መርዝ በል ባክቴሪያዎች ውሃ በዝግታ በሚያጣራ አሸዋ ላይም ይራባሉ፤ በጣና ውሃ ብንሞክረውስ?