ሕፃናት ነገር አሰናድተው እንዲናገሩ ስለ ማስተማር

በኢዮቤልዩ በዓል ለወላጆችና ለመምህራን የተነገረ ቃል



«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ ሰውን ከከንቱ ንግግር የሚጠብቅ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ይህ ምክር ለሕፃን በጊዜው ሁሉ የተሰጠ እንደ ሆነ፥ ልጁ አድጎ በሸንጎና በማኅበር ፊት በቆመ ጊዜ አፉ ተይዞ ይቀራል። እውነት ይዞ መናገር ያቃተው ሰው፥ እውነት ሳይኖረው መናገር በሚያውቅ ሰው ይረታል። ስለዚህ ሕፃናት መጻፍ ከቻሉበት ጊዜ ጀምሮ ነገር አሰናድቶ መናገርን ሊማሩ ይገባል።

ይህ ሥራ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ተማሪውም ታርሞ እንደ ገና ይቈጥራል። ሕፃኑም ንግግሩን እንዲሁ ይጻፍ፥ ይታረም፥ ደግሞም ያሰማ።

ለዚህ የሚጠቅም አንድ ታሪክ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ387 ዓመት የአንጾኪያ ሰዎች ግብር ቢከብድባቸው ታውከው የንጉሡን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ጣሉ። ከተማውም የንጉሡን ቍጣ በፍርሃት ይጠባበቅ ነበር። በዚያ ቄስ የነበረው ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዐቢይ ጾም ሕዝቡን እየሰበከ ሲያጽናና፥ ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። ዮሐንስ እንደ ተረከው፥ ጳጳሱ በንጉሡ ፊት የሕዝቡን በደል አልካደም። አስቀድሞ ንጉሡ ለከተማው የነበረውን ፍቅርና የሕዝቡን ጥፋት አመነ፤ ምሕረትን የለመነው ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሡም ማረ። ሰውን ለማስረዳት የሚወድ፥ አስቀድሞ የዚያን ሰው እውነት ይመንለት።

ይህንም ለሕፃን በቤቱ ነገር ማስተማር ይቻላል። አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት የምትቀር ብትሆን፥ መምህሯ ለእናቷ የምትናገረውን ያጽፋት። መጀመሪያ የምትለምነውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ትጻፍ። ሁለተኛ «እናቴ፥ ሸክሙ ለብቻሽ እንደሚከብድሽ ዐውቃለሁ» ብላ የእናቷን ችግር ትመን። ሦስተኛ ምክንያቷን ታስረዳ፤ ይኸውም የዛሬው ትምህርት ያመለጠው ልጅ የነገው አይገባውም። አራተኛ መላ ታቅርብ፤ ከወንድሟ ጋራ በየተራ ለመሸከም ትስማማ። እናትየዋ ልትጠይቅ ለምትችለው ነገር መልስ ካላገኘች፥ ንግግሯ ገና አላለቀም።

ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ንግግር አይባልም። ዋና ዋና ቃላቱን ብቻ በትንሽ ወረቀት ይዛ፥ መጀመሪያ ለአንዲት ጓደኛዋ፥ ቀጥሎ ለአምስት፥ በኋላም ለክፍሉ ሁሉ ትናገር። ከኋላ የተቀመጠው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ ታድርግ፤ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስትሻገርም ጥቂት ትረፍ። ምላሱ የሚይዘው ልጅ ቢኖር ማንም አይሳቅበት፤ ሙሴም ኰልታፋ ነበር፥ እግዚአብሔር ግን ወደ ፈርዖን ላከው።

የቀረው የወላጆች ፋንታ ነው። ልጅ በሚገባ ተናግሮ ሳለ ሁልጊዜ «ዝም በል» ከተባለ፥ ቃል ዋጋ እንደሌለው፥ የሚሠራው ኃይል ብቻ እንደ ሆነ ይማራል። አባትና እናት እስከ መጨረሻው ይስሙት፤ ምክንያቱ ትክክል የሆነ እንደ ሆነ «ረታኸኝ» ይበሉት፤ ትክክል ካልሆነም ስለምን እንዳልሆነ ይንገሩት። ይህ የወላጅን ክብር አይቀንስም፤ ልጁ ነገ በሌላው ላይ ፈራጅ በሆነ ጊዜ እርሱም ሰምቶ እንዲፈርድ ያስተምረዋል እንጂ።

እግዚአብሔር ለዚህ ሰበካ ሕፃናት እውነተኛ አንደበትን፥ ለሚሰሙአቸውም አስተዋይ ልብን ይስጥ። አሜን።