ለገና ጨዋታ ወገባችንን እናጠንክር



ገና ሲደርስ ዱላ ይዞ ሜዳ መውጣት የቆየ ልማዳችን ነው። የገጠር ወንድሞቻችን ዳጉሳና ጤፍ ሲያጭዱ ስለሚከርሙ ወገባቸው ጠንካራ ነው። እኛ የፍኖተ ሰላሞቹ ግን ሱቅና ቢሮ ተቀምጠን ከርመን፣ ድንገት ሩር እንልጋ ስንል ወገባችንን ይይዘናል።

ኃይለኛ ምት ከክንድ ብቻ አይመጣም፤ ከእግርና ከወገብም ነው እንጂ። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ ጀምረን፣ በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ አንድ ቀን እያረፍን እቤታችን እንሥራ፦

1ኛ/ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ 10 ጊዜ፤
2ኛ/ በመዳፍና በእግር ጣት ተደግፎ ደረትን ዝቅ ከፍ ማድረግ፣ 10 ጊዜ፤
3ኛ/ 5 ሊትር ውኃ (5 ኪሎ መሆኑ ነው) በጀሪካን ታቅፎ፣ ሳይጎብጡ፣ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ መዞር፣ 10 ጊዜ።

የሚያም ነገር ካለ ወዲያው ማቆም ነው። በርትተን እንገናኝ።