ሐምፒ፤ ፈርሳ ያልጠፋችው መናገሻ



ከእናንተ መካከል የሥራ ጉዳይ ወይም የዓመት ፈቃድ ወደ ደቡብ ሕንድ የሚያደርሰው ሰው ቢኖር፥ በካርናታካ ግዛት ያለችውን ሐምፒን ሳያይ እንዳይመለስ እመክረዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሐምፒ በቱንጋባድራ ወንዝ ዳር፥ ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች በተከመሩበት ምድር የምትገኝ፥ በ1336 የተመሠረተው የቪጃያናጋራ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በ1520 ግድም ያያት ፖርቱጋላዊው ዶሚንጎ ፓኤስ በስፋቷ ከሮም ጋራ አስተያይቷታል፤ በዚያው ዘመን የአገሩ መልእክተኞች ወደ እኛው ንጉሠ ነገሥት ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥተው ነበር። በ1565 ግን የደካን ሱልጣኖች ተባብረው ሠራዊቷን ድል ነሡ፤ ከተማዪቱም ተዘርፋ ተቃጠለች።

በቪታላ ቤተ መቅደስ ጐብኚው ሁሉ የሚከበው የድንጋዩን ሠረገላ ነው፤ ሥዕሉ በሕንድ የ50 ሩፒ የወረቀት ገንዘብ ላይ ታትሟል። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ይመስላል እንጂ በብልሃት የተጋጠመ ብዙ ድንጋይ ነው። ሲመቷቸው ዜማ የሚያሰሙትን ዓምዶች ግን መንካት ክልክል ነው፤ መከልከሉም ደግ ነው።

እኔስ ከሠረገላው ይልቅ የውሃውን ሥራ አስተውሉ እላለሁ። በነገሥታቱ ዘመን ከተቈፈሩት ቦዮች አንዳንዶቹ ዛሬም የሩዝና የሙዝ እርሻ ያጠጣሉ። ጠላት ቤተ መንግሥቱን ቢያቃጥልም ገበሬው ቦዩን አልተወም።

ለሺቫ የቆመው የቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስም ከመንግሥቱ በፊት የነበረ ሲሆን፥ ምእመናን እስከ ዛሬ ይሳለሙታል። እናንተም እንደ እነርሱ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። ወደ 50 ሜትር ከሚደርሰው የምሥራቅ በር ግንብ ፊት ለፊት የጥንቱ የገበያ ጐዳና ተዘርግቷል። በድንጋዩ ሰቀላዎች ውስጥ ቤተሰቦች ይኖሩ፥ ሻይና ልብስም ይሸጡ ነበር። ሐምፒ በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ በ2011 ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ቅርሱን ለመጠበቅ ሲል ቤቶቹንና ሱቆቹን አፈረሰ፥ ሰዎቹንም አስነሣ። አለቱን በምስማርና በጢስ ከመጐዳት ማዳን ያስፈልግ ነበር፤ ዳሩ ግን ለገበያ የተሠራን ጐዳና ያለ ገበያተኛ ማስቀረት ለእኔ ግማሽ ጥበቃ ሆኖ ይታየኛል።

ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ማታንጋ ኮረብታ ውጡ፤ ውሃ መያዝ አትርሱ። ከዚያ ሆናችሁ ግንቡን፥ ወንዙን፥ አረንጓዴውን የሙዝ እርሻና ባዶውን ጐዳና በአንድ ዐይን ታያላችሁ።